ከአዳሚ ቱሉ በስተምዕራብ፣ 168 ሜትር ወደ ታች

ጥር 14፣ ከአዲስ አበባ ባቱ

ጥምቀት ስላለፈ መንገዱ ይቀላል ብለን ረቡዕ ጠዋት በ12 ሰዓት ከቃሊቲ ወጣን። መኪናው ውስጥ እኔ፣ የውሃ ጉድጓድ ልናስቆፍርላት የምንሄድባት መንደር ልጅ የሆነው ጓደኛዬ፣ ጂኦሎጂስቷ እና ሾፌሩ አለን። መቆፈሪያ ማሽኑ ሪግና አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር ከባድ ስለሆኑ ከትናንት ጀምረው እያዘገሙ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞች ግሩፕ አለን። ድሮ ቀልድና የልደት መልካም ምኞት ብቻ ነበር የሚላክበት። አንድ ቀን ይኼ ጓደኛችን የእህቱን ልጆች ፎቶ ለጠፈ። ልጆቹ እየሳቁ ነው። ጥርሳቸው ግን ቡናማ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ተሸራርፏል። የመንደሯ ውሃ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። ከዚያ ለአዲስ ጉድጓድ መዋጮ ተጀመረ። ውጭ ያሉትም አገር ቤት ያለነውም አዋጣን። በመጨረሻ አንድ የቁፋሮ ድርጅት ሜትሩን በ18 ሺህ ብር፣ እስከ 150 ሜትር እንዲቆፍር ተዋዋልን። እኔ የመጣሁት የግሩፑ ዓይን ሆኜ ነው። ስለ ቁፋሮ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ፈጣን መንገዱ ምቾት ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን በግራ እያየን ሄድን። ለምሳ ባቱ ደረስን። የዝዋይ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ ተደርድረው የዓሣ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። እኛም ቆሮሶ ጥብስ ከዳጣ ጋር አዘዝን። አንዱ 400 ብር። አዲስ አበባ ቢሆን በዚህ ዋጋ ግማሹን መጠን ነው የሚያመጡልህ።

ከፊታችን ይኼን የሚያህል ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ተኝቶ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሰው የሚጠጣው ያጣል። ጂኦሎጂስቷን ይኼን ጠየቅኳት። መንደሯ ከሐይቁ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ ስቦ፣ አጣርቶ ወደ ላይ መግፋት የመንደር አቅም አይደለም አለች። የከርሰ ምድሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው መሬት ነው። ዓለቱ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለው። ውሃው ደግሞ ካልሲየም ያንሰዋል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር። ስለዚህ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣራ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርስ ይጎዳል፤ የሚጎዳው በልጅነት ነው፤ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ። መጠኑ ከፍ ካለና ዓመታት ከተጠጣ አጥንትም ይይዛል።

«ቢፈላስ?» አልኳት።

«ይብሳል። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።»

ጥር 15፣ መንደሯ

ከአዳሚ ቱሉ ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ አስፋልቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ አቧራ ነው። የግራር ዛፍ፣ የታጨደ የበቆሎ ማሳ፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ፣ ቢጫ ጀሪካን የጫኑ ጋሪዎች። አፈሩ ቀላልና ዱቄት መሳይ ነው፤ ድሮ የተተፋ አመድ ነው አሉኝ።

ለቁፋሮው ውሃ የጫነው ቦቴ ከፊታችን ተቀርቅሮ ቆሞ አገኘነው። የኋላ ጎማው እስከ ግማሽ ሰምጧል። ውሃ ለማውጣት ውሃ ማስፈለጉን እዚያ ነው ያወቅሁት። ቁፋሮው ጭቃ ይፈልጋል፣ ጭቃው ውሃ ይፈልጋል። የመንደሩ ወጣቶች አካፋና የግራር ቅርንጫፍ ይዘው መጡ። ከጎማው ሥር ቆፍረው፣ ቅርንጫፍ አንጥፈው፣ ሁለት ሰዓት ፈጅተው አወጡት። ሾፌሩ ትንሽ ውሃ አፍስሶ ክብደት ይቀንስ ብሎ ነበር። ወጣቶቹ «እንዴት ተደርጎ!» ብለው ከለከሉት።

መንደሯ መግቢያ ላይ ቆርቆሮ በር ያለው ትንሽ ቤት አለ፤ ቁልፉ ዝጓል። የድሮው ጉድጓድ ነው። ከዓመታት በፊት ተቆፍሮ ውሃው ሲወጣ በግ ታርዶ ተመርቆ ነበር። ሰዉ በደስታ ጠጣ። ልጆቹ ጥርስ ሲያወጡ ነው ነገሩ የታወቀው። በኋላ ፍሎራይዱ ተለካና ከ5 በላይ ሆኖ ተገኘ። ተዘጋ።

ያረፍነው የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። እሱ «አዴ» ሲላቸው እኔም አዴ አልኳቸው። ጩኮ በቅቤ አቀረቡልን፣ ቡና ተፈላ። እጃችንን ስንታጠብ ከሥር ሳህን ያዙ። እጣቢውን ወስደው ለታሰረችው ጥጃ ሰጧት። ጥጃዋ ሳህኑን ላሰች። እኔ ሳሙናዬን በብዛት ባለመጠቀሜ ደስ አለኝ።

በበጋ አንድ ጀሪካን ውሃ በጋሪ ከከተማ ሲመጣ 15 ብር ነው። ጋሪ ከሌለ አህያ ይዞ መሄድ ነው፤ ማለዳ የወጣች ልጅ ከቀትር በኋላ ትመለሳለች። እኛም ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ ግሩፑን በእሮሮ እናጥለቀልቀዋለን። ሮቶ፣ በርሜልና ቦቴ የሚያመጣ ስልክ ቁጥር ግን አለን።

ጥር 16 እና 17፣ አመዱ

የቁፋሮው ቦታ ከድሮው ጉድጓድ ርቆ ተመርጧል። ጂኦሎጂስቷ ቀደም ብላ መጥታ በኤሌክትሪክ መሬቱን ለክታዋለች። አንድ ስንጥቅ መሬቱን አቋርጦ ያልፋል ትላለች። ሽማግሌዎቹም ያንኑ መስመር ነው ያሳዩን፤ እዚያ ያሉት ግራሮች በበጋም ቅጠላቸው አይረግፍም።

ሠራተኞቹ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረው ጭቃ በጠበጡ። ጭቃው ተራ ጭቃ አይደለም፤ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ዱቄት አለው። ሪጉ እየዞረ ሲበሳ ጭቃው በቧንቧው ይወርዳል፣ ፍርስራሹን ተሸክሞ በጎን ይወጣል፣ ግድግዳውንም ደግፎ ያቆማል። ችግሩ አመዱ ጭቃውን መጠጣቱ ነው። የላክነው አይመለስም። ከሰዓት በኋላ ቦቴው ሌላ ዙር ሄደ።

አርብ ማታ 48 ሜትር ላይ ቧንቧው ተያዘ። ግድግዳው ተንዶ ጨበጠው። ሪጉን የሚያንቀሳቅሰው ድሪለር ዝም ያለ ሰው ነው፤ ሞተሩን በጆሮው ነው የሚያነበው። ድምፁ ሲከብድ እኛ ምንም ሳንሰማ እሱ እጁን አንስቶ «ያዘኝ» አለ። ቧንቧውና መሮው እዚያው ከቀሩ ኪሳራው የእነሱ ነው፣ ጊዜው ግን የሁላችንም። ጭቃውን አወፍረው ላኩበት። ቧንቧውን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ ጥቂት ማዞር። እንዲህ ሲታገሉ ሌሊት 6 ሰዓት ሆነ። ሲለቅ ሪጉ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ድሪለሩ ሲጋራውን ለኮሰና መኪናው ሥር ገብቶ ተኛ።

ቅዳሜ 62 ሜትር ላይ ጠንካራ ዓለት ተነካ። አመዱ እንዳይናድ እስከዚያ ድረስ ጊዜያዊ የብረት ኬሲንግ፣ ማለትም ግድግዳ መደገፊያ ቧንቧ፣ አወረዱ።

ጥር 18፣ ናፍጣ

ኮምፕረሰሩ ናፍጣ ሳይሆን ወንዝ ነው የሚጠጣው። እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ባቱ ወረድን። ማደያው በር ላይ የጭነት መኪናው ሰልፍ ዞሮ ዋናው መንገድ ላይ ደርሷል። ግማሽ ቀን ቆምን። ተራችን ሲቃረብ አለቀ ተባለ። ከጀርባ ያለ ሱቅ ውስጥ ግን በጀሪካን እንደ ጉድ አለ፤ ዋጋው የማደያውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ኮምፕረሰሩ ከቆመ ሠራተኛውም ይቆማል። ገዛን። ለግሩፑ ደረሰኝ ላሳይ ብል ማን ይሰጠኛል? ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ማታ ባቱ አደርን። አልጋው 700 ብር፣ ሻወር አለው። ቧንቧውን ከፍቼ ትንሽ ካየሁት በኋላ በፍጥነት ታጥቤ ዘጋሁት።

ጥር 19፣ 94 ሜትር

ከዓለቱ በታች ጭቃ የለም፤ በአየር ነው። ቧንቧው ጫፍ ላይ፣ ከመሮው በላይ፣ ሀመር የሚባል መዶሻ አለ። የታመቀው አየር ሀመሩን ያስመታዋል፣ ፍርስራሹንም ወደ ላይ ይተፋዋል። ጩኸቱ ጥርስ ድረስ ይገባል። በየሁለት ሜትሩ አንድ ሠራተኛ የሚወጣውን ዱቄት በአካፋ ቀልቦ መሬት ላይ በተራ ይደረድራል። ጂኦሎጂስቷ ትንበረከክና ታየዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አንዳንዴም ጥርሷ ላይ ታደርገዋለች። ግራጫ፣ ግራጫ፣ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ደግሞ ግራጫ።

94 ሜትር ላይ ዱቄቱ ረጠበ። ቀጥሎ ውሃ ተፈናጠረ፤ ከሪጉ ምሰሶ እኩል ወጣ። እኛ ጮህን። ሾፌራችን ጨፈረ። እኔ ቪዲዮ እየቀዳሁ ግሩፑ ላይ ለቀቅሁት፤ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም እልል ተባለ።

ከዚያ ዞር ስል የመንደሩ ሰው አልጮኸም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አዴ ወደ ጂኦሎጂስቷ ጠጋ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፦ «ቁጥሩ ስንት ነው እያሉ ነው።»

ጂኦሎጂስቷ መኪናው ኮፈን ላይ ዕቃዋን ዘረጋች። የደፈረሰውን ውሃ አጣራች። በትንሿ ጠርሙስ ቀይ መድኃኒት ጨመረችና ፎቶሜትሩ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ ከአቅሜ በላይ ነው አለ። በተጣራ ውሃ አቅጥና እንደገና ለካች። አባዛችው። 4.1።

ለማንም አልደበቀችም። ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች፣ ተተረጎመ። አዴ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤት ሄዱ። አንድ ሽማግሌ «ለከብት ይሆናል» አሉ፤ እኛን ለማጽናናት ይመስለኛል። ቪዲዮውን ከግሩፑ ላጥፋው ብዬ ዘግይቼ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለዘመዱ አስተላልፎታል።

የቁፋሮው ኃላፊ እዚህ እንቁም ባይ ነው። ውሃ ተብሎ ተዋዋልን፣ ውሃ ወጣ አለ። ጂኦሎጂስቷ ውሉን አውጥታ «ለመጠጥ» የሚለውን ቃል በጣቷ አሳየችው። ነገ ይቀጥላል።

ጥር 20፣ ቀዩ ጠጠር

146 ሜትር። ጠንካራ ጥቁር ባዛልት፣ አዲስ ውሃ የለም። 150 ላይ ውሉ አለቀ፣ ሀመሩም ቆመ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ሜትር አዲስ ገንዘብ ነው።

ጂኦሎጂስቷ የመጨረሻውን ናሙና ከባልዲ አጥባ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ከጥቁሩ መሐል ቀይ ፍርፋሪ አለ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀላል፣ የተቃጠለ ሸክላ የሚመስል። ሁለት የላቫ ፍሰቶች ሲደራረቡ በመሐል የሚቀር ሽፋን ነው አለችኝ። የታችኛው ፍሰት ላይኛው ፊቱ በአየርና በዝናብ ተበልቶ ልል ይሆናል። ውሃ የሚተኛው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። «ቃል አልገባም» አለች። «ግን እኔ ገንዘቡ የራሴ ቢሆን እቀጥላለሁ።»

ኔትወርክ ፍለጋ ኩይሳ ላይ ወጣሁ። የቀይ ጠጠሩን ፎቶ ለግሩፑ ላክሁ። እስከ 170 ሜትር ብንሄድ 360 ሺህ ብር ነው። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። አንዱ የሲሚንቶ ነጋዴ «ጠጠር አይቼ ብር አላወጣም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንዷ የመጀመሪያውን የልጆቹን ፎቶ መልሳ ለጠፈችና ምንም ሳትጽፍ ዝም አለች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተዋጣ። የሲሚንቶው ነጋዴ 50 ሺህ ላከ።

157 ሜትር ላይ ሀመሩ ድንገት ወደ ታች ወረደ፤ ባዶ ነገር ያገኘ ይመስል። ድሪለሩ እጁን አነሳ። ውሃው በዚህኛው ጊዜ ሪጉን ሸፈነው፤ ትኩስም ቀዝቃዛም አይደለም፣ ለብ ያለ ነው። እኛ አልጮህንም፤ ተምረናል። ሁላችንም ኮፈኑ ዙሪያ ተሰበሰብን። 1.9።

ከ1.5 በላይ ነው። ግን ይኼ የሁለቱ ውሃ ቅልቅል ነው። የላይኛው 4.1 ከሆነና ቅልቅሉ 1.9 ከሆነ የታችኛው ብቻውን ያነሰ ነው ማለት ነው። ጂኦሎጂስቷ ወረቀት ላይ ሒሳቡን ሠርታ ለሽማግሌዎቹ አስረዳች። የላይኛውን እንዘጋዋለን አለች። እስከ 168 ሜትር ተቆፍሮ ቆመ።

ጥር 21፣ የተጣለው ውሃ

የዛሬው ሥራ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ኬሲንግ ወረደ። ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ቀዳዳው ክፍል፣ ስክሪኑ፣ ታች ካለው ቀይ ሽፋን ትይዩ ብቻ ሆነ። 94 ሜትሩ ጋ ድፍን ቧንቧ ነው። ከዚያ በቧንቧውና በግድግዳው መሐል ጠጠር ይገባል፤ ከወንዝ የመጣ፣ የታጠበ፣ ክብ ክብ። በአካፋ ከገለበጡት መሐል ላይ ተጋግጦ ባዶ ቦታ ይተዋል። ስለዚህ በሳህን፣ አንድ በአንድ። ወጣቶቹ በሰልፍ ቆመው ሳህን ተቀባበሉ። ከጠጠሩ በላይ ደግሞ ሸክላ ተጨመረ፤ የላይኛው ውሃ እንዳይወርድ ማኅተሙ እሱ ነው።

ድሪለሩ በቁፋሮው ሁሉ ያልተናገረውን ያኔ ተናገረ። «ስንት ዓመት ስሠራ ያገኘሁትን ውሃ በገዛ እጄ ስደፍን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።» ቢያጉረመርምም ሸክላውን ራሱ ነው የለካው።

ምሳ አዴ ገንፎ ልከውልን ነበር፣ መሐሉ በቅቤ የተሞላ፣ ከጎኑ እርጎ። ሠራተኞቹ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ከበቡት።

ከጥር 22 እስከ 24፣ ባልዲና ሰዓት

በአየር እየነፉ ጉድጓዱን አጠቡት። መጀመሪያ ቡና በወተት የመሰለ ወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ጠራ። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ባልዲና ሰዓት። 20 ሊትሩ በ5 ሴኮንድ ሞላ። በሴኮንድ 4 ሊትር ማለት ነው።

ፓምፕ ቴስቱ 24 ሰዓት ያለማቋረጥ ነው። ፓምፑ ይስባል፤ አንድ ሰው በየተወሰነ ደቂቃ የውሃው ከፍታ ስንት እንደወረደ ይጽፋል። መለኪያው እንደ ሜትር ያለ ረጅም ገመድ ነው፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢ ይላል። ሕፃናቱ ከዚህ መሣሪያ ጋር ፍቅር ያዛቸው። ሌሊት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጢ እስኪል ይጠብቁና አብረው «ጢ!» ይላሉ። ውሃው ሳይሳብ 71 ሜትር ላይ ይቆማል። 24 ሰዓት ተስቦ የወረደው 9 ሜትር ብቻ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ከሰዓታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጂኦሎጂስቷ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሊያልቅ ሲል ከቧንቧው ጫፍ ውሃ ቀዳች። ኮፈኑ ላይ ለካች። 1.3። እንደገና ለካች። 1.3። የማጽደቅ ሥልጣን ለአዴ የተሰጠ ይመስል ወደ እሳቸው ዞረን ቆምን። እሳቸው ብርጭቆ አስመጡና ግማሽ ድረስ ጠጥተው ቀሪውን ለልጅ ልጃቸው ሰጡ። እልልታው ከዚያ በኋላ መጣ፤ እኔ ስልኬን ማውጣት አልደረስኩም።

ጭቅጭቁም የዚያኑ ቀን ጀመረ። የውሃ ኮሚቴ ተመርጧል፤ ከአባላቱ ግማሹ ሴቶች ናቸው። ጀሪካኑ 2 ብር ይሁን ወይስ 3? ወንዶቹ 2 አሉ። ሴቶቹ 3 አሉ፤ ፓምፕ ሲበላሽ ማን ያሠራዋል ብለው። የከብት ገንዳ ይለይ ወይስ በኋላ ይታሰብበት? ቁልፉ ማን ጋ ይሁን? እኔ የከተማ ሰው ሐሳብ ላዋጣ ስል ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመኝ። ትክክል ነው።

በሶላር ፓምፕ በሴኮንድ 3 ሊትር ቢሳብ፣ በቀን ለ6 ሰዓት ፀሐይ፣ ወደ 65 ሺህ ሊትር ይሆናል። መንደሯ 600 አባወራ አካባቢ አላት። ለአንድ ቤት አምስት ጀሪካን ይደርሳል።

ጥር 25 እና ከዚያ ወዲህ

እሑድ ጠዋት ተነሳን። አዴ ለመንገድ ጩኮ በቆርቆሮ ሞልተው ሰጡን። የእኔ ኦሮምኛ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ላይ ያበቃል፤ እሱን ደጋገምኩ። መቂ ላይ ቆመን ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛን፤ የቲማቲሙ ዋጋ ከእኛ ሰፈር ግማሽ ነው። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ውስጥ እግሬ ሥር ነበር፤ የመስክ መለኪያ አይበቃም፣ የላብራቶሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፣ ጀርሙም መታየት አለበት።

ውጤቱ የካቲት ላይ መጣ። ፍሎራይዱ 1.3፣ ጀርም የለውም። ጂኦሎጂስቷ ግን ዓመት ዓመት ይለካ ብላ ኮሚቴውን አስፈርማለች፤ ማኅተሙ ከለቀቀ ቁጥሩ ስለሚናገር።

አሁን ጉድጓዱ አፉ ተከድኖ ተቆልፏል። የሶላር ፓምፑና ፓኔሉ ይቀሩናል። የብር ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ነው፤ በፊት የያዝነው በጀት አልበቃም። ለጊዜው በኪራይ ጄኔሬተር ይሳብ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ናፍጣው ግን ያው የምታውቁት ነው። ግሩፑ እንደገና እያዋጣ ነው። ጀሪካኑ በ3 ብር ጸድቋል።